ማን ፈቀደ? ያለ ፈቃድ የሚደረግ የኮምፒዩተር ደህንነት ፍተሻ ሕግና ሥነ ምግባር

ለደህንነት ፍተሻ የተዘጋጀውን ካሊ ሊኑክስ የተባለ የኮምፒዩተር ሥርዓት ማውረድ ነፃ ነው። ኤንማፕ፣ ዋየርሻርክ፣ ሜታስፕሎይት፣ ኤስኪውኤልማፕ፣ ሃይድራና ኤርክራክ የተባሉ የመፈተሻ ፕሮግራሞች ከእሱ ጋር ይገኛሉ። አጠቃቀማቸውን ከመጀመሪያው ትእዛዝ ጀምሮ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች በዩቲዩብ፣ የትምህርት ቡድኖችም በቴሌግራም ሞልተዋል። በእነዚህ ትምህርቶች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው፣ የሚፈተሸው ሥርዓት የማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው። ባለቤቱስ ፈቅዷል ወይ?

“ለመማር ብዬ ነው”፣ “ምንም አልነካሁም”፣ “ክፍተቱን ልነግራቸው ነበር” የሚሉ መልሶች በቅንነት ሊነገሩ ይችላሉ። የፈቃድ ነገር ግን በቅንነት አይዘጋም። ከውጭ ሆኖ የሚፈትሽ ሰው መሣሪያው ምን ላይ እንደሚያርፍ አያይም፤ ጉዳት ቢደርስ ደግሞ ዋጋውን የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው። የሥነ ምግባሩ ክርክር በሙሉ የቆመው እዚህ ላይ ነው፤ ሕጉም የተገነባው በዚሁ ላይ ነው።

መሣሪያው ራሱ ጥፋት አይደለም

እነዚህን ፕሮግራሞች በአብዛኛው የሠሯቸው ተከላካዮች ናቸው። ዳን ፋርመርና ቪትሰ ቬነማ ሳታን የተባለውን የኔትወርክ መፈተሻ እ.ኤ.አ. በ1995 ሲለቁ ብዙዎች ለወንበዴ መሣሪያ አስታጠቁ ብለው ከሰሷቸው። የሁለቱ መልስ ቀላል ነበር፤ አስተዳዳሪው አጥቂው የሚያየውን ካላየ ምን ሊዘጋ ይችላል? በ1997 ኤንማፕ፣ በ2003 ሜታስፕሎይት ተከተሉ። ዛሬ የባንክና የቴሌኮም የደህንነት ክፍሎች ያለ እነሱ አይሠሩም።

ሕግ አውጪዎችም መሣሪያውን በራሱ ለመከልከል ሞክረው ተቸግረዋል። ጀርመን በ2007 የጥቃት ፕሮግራም ማዘጋጀትንና ማሰራጨትን የሚቀጣ አንቀጽ በወንጀል ሕጓ ላይ ስትጨምር የደህንነት ባለሙያዎች ሁሉ ደነገጡ። በ2009 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቷ አንቀጹ ለሁለት ዓላማ የሚውሉ መሣሪያዎችን እንደማይመለከት አብራራ። የኢትዮጵያ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም ስለ መሣሪያዎች ሲደነግግ የሚያየው ለወንጀል ተብሎ መሠራቱንና የያዘውን ሰው ሐሳብ ነው። ላፕቶፕ ላይ ካሊ መጫን ማንንም ወንጀለኛ አያደርግም። ሁሉም ነገር የሚለወጠው ትእዛዙ ላይ የሌላ ሰው አድራሻ ሲገባ ነው።

“ምንም አልነካሁም” የሚለው ለምን አያስተማምንም

የኔትወርክ መፈተሻው ኤንማፕ ሌላ ካልታዘዘ በአንድ ማሽን ላይ የተለመዱ 1,000 ፖርቶችን (ፕሮግራሞች በኔትወርክ የሚገናኙባቸውን ቁጥር ያላቸው በሮች) ይሞክራል፤ ሁሉንም ከተባለ 65,535። ይህ ለዘመናዊ ሰርቨር ቀላል ነው። ችግሩ የሚመጣው የአገልግሎቱን ዓይነትና ስሪት እንዲለይ ሲታዘዝ ነው፤ ያኔ ክፍት ወደሆነው ፖርት የተለያዩ የሙከራ መልእክቶችን ይልካል። ብዙ የኔትወርክ ፕሪንተሮች ደግሞ በ9100 ፖርት የደረሳቸውን ሁሉ ያትማሉ። ለዚህ ሲባል ኤንማፕ ከ9100 እስከ 9107 ያሉትን ፖርቶች ከስሪት ፍተሻ ራሱ ያስቀራቸዋል። “አንድም ፖርት አትተው” የሚለውን አማራጭ ሳያስብ የጨመረ ጀማሪ የአንድን መሥሪያ ቤት ወረቀት በማይነበብ ጽሑፍ ሊያስጨርስ ይችላል። ፕሪንተር ቀላሉ ነው። የውሃ ፓምፕ ወይም የፋብሪካ መስመር የሚያዙ የቆዩ መቆጣጠሪያዎች ከጥቂት ማሽኖች ጋር ብቻ እንዲነጋገሩ ታስበው የተሠሩ ስለሆኑ በተራ የፖርት ፍተሻ ብቻ ደንዝዘው የሚቆሙ አሉ። ከውጭ ለሚያይ ሰው ሁሉም አንድ ዓይነት የአይፒ አድራሻ ነው።

የድረ ገጾችን የመረጃ ቋት የሚፈትሸው ኤስኪውኤልማፕ ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ይህ መሣሪያ ከ1 እስከ 3 የሚደርስ የአደጋ ደረጃ አለው፤ ሲጀምር 1 ላይ ነው። ውጤት አልመጣም ብሎ ወደ 3 የሚያሳድገው ሰው “ወይም” የሚል ሁኔታ ያለባቸውን ሙከራዎች ይጨምራል። ገጹ መረጃ የሚያነብ ብቻ ከሆነ የሚመጣው የተዝረከረከ ውጤት ነው። ገጹ መረጃ የሚያድስ ከሆነ ግን “መለያ ቁጥሩ 418 የሆነውን ተማሪ ስልክ ቀይር” የሚለው ትእዛዝ “መለያ ቁጥሩ 418 የሆነውን፣ ወይም 1 ከ1 ጋር እኩል ከሆነ” ወደሚል ይለወጣል። 1 ሁልጊዜ ከ1 ጋር እኩል ነው፤ ስለዚህ በሰንጠረዡ ያሉ ተማሪዎች ሁሉ ስልክ በአንድ ቅጽበት አንድ ዓይነት ይሆናል። ፈታሹ ይህን ላያውቀው ይችላል፤ እሱ የሚያየው “ክፍተት ተገኝቷል” የሚል መልእክት ነው። የመጨረሻው የመረጃ ቅጂ መቼ እንደተያዘ፣ መያዙንም ጭምር የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው።

የይለፍ ቃል መገመቻው ሃይድራም እንዲሁ ነው። አምስት ጊዜ ለተሳሳተ አካውንቱን የሚዘጋ መሥሪያ ቤት እንውሰድ። በ200 የሠራተኛ ስሞች ላይ ስድስት ስድስት የተለመዱ የይለፍ ቃሎችን መሞከር 1,200 ሙከራ ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል። አንድም የይለፍ ቃል ላይገኝ ይችላል፤ በማግስቱ ጠዋት ግን 200ውም ሠራተኞች መግባት አይችሉም። ወደ ሥርዓቱ በራስ አካውንት ገብቶ የድረ ገጽ መፈተሻ መልቀቅም ተመሳሳይ ጣጣ አለው። መፈተሻው ያገኘውን ሊንክ ሁሉ ስለሚከተል “ሰርዝ” የሚለውንም ይጫናል፤ የአስተያየት ቅጹን በመቶዎች ጊዜ ሞልቶ የአንድን ሠራተኛ ኢሜይል ያጥለቀልቃል።

በካፌና በዩኒቨርሲቲ ዋይፋይ ላይ በብዛት የሚሞከሩት ሁለቱ ናቸው። አንደኛው የኤአርፒ ማታለል ነው፤ ላፕቶፑ ራሱን የራውተሩ ምትክ አድርጎ የሌሎችን መረጃ በራሱ በኩል ያሳልፋል። ላፕቶፑ ባትሪ ጨርሶ ቢጠፋ ወይም ክዳኑ ቢዘጋ የተታለሉት ማሽኖች የተሳሳተውን አድራሻ እስኪያርሙ ድረስ ኢንተርኔት ያጣሉ። እስከዚያው ያለፈው መረጃ ደግሞ የሰዎች የግል ግንኙነት ነው፤ በአዋጅ 958 አንቀጽ 4 ሕገወጥ ጠለፋ የተባለው ይኸው ነው። ሁለተኛው ተጠቃሚዎችን ከዋይፋዩ አስገድዶ ማስወጣት ነው፤ ተመልሰው ሲገናኙ የሚለዋወጡትን፣ የይለፍ ቃሉን ለመገመት የሚያገለግል መልእክት ለመቅዳት ይደረጋል። የአስተዳደር መልእክቶቹ ጥበቃ በሌላቸው ኔትወርኮች ላይ በቀላሉ ይሠራል። በዚያ ሰዓት የመስመር ላይ ፈተና እየወሰደ የነበረው ተማሪ ወይም ክፍያ እየፈጸመ የነበረው ነጋዴ ማን እንደሆነ ፈታሹ አያውቅም።

ሌላም ጉዳት አለ፤ ስለ እሱ ብዙ አይወራም። በሰርቨሩ መዝገብ ላይ የቅን ፈታሽና የሌባ አሻራ ልዩነት የለውም። የማንቂያ ደወል ሲጮህ የደህንነት ክፍሉ በጎ አድራጊ ይሆናል ብሎ ሊተኛ አይችልም። ማሽኑን ከኔትወርክ ይነጥላል፣ መዝገቦችን ይመረምራል፣ የይለፍ ቃሎችን ያስቀይራል፣ ለአለቃና ለተቆጣጣሪ አካል ሪፖርት ይጽፋል። አንድም ፋይል ባይነካ እንኳ የብዙ ሰዎች ሌሊት ባክኗል፤ በዚያው ሌሊት እውነተኛ አጥቂ ቢመጣ ደግሞ ትኩረታቸው ሌላ ቦታ ነው።

የተፈተኑ ምክንያቶች

በእንግሊዝ የታየ አንድ ጉዳይ የቅን ልቦናን ክርክር እስከ ጫፉ ይወስደዋል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2004 መጨረሻ፣ ከእስያው ሱናሚ በኋላ፣ አንድ የደህንነት ባለሙያ ለተጎጂዎች በኢንተርኔት 30 ፓውንድ ይለግሳል። የገጹ ሁኔታ አላማረውምና የአጭበርባሪዎች ይሆናል ብሎ ጠረጠረ። በአድራሻው ላይ ወደ ላይኛው ማህደር የሚያስወጡ ጥቂት ነጥቦችና ሰረዞች ጨምሮ ሞከረ፤ ምንም ስላልሆነ ተወው። ገጹ እውነተኛ ነበር፤ ማንቂያውም ጮኸ። በ2005 በኮምፒዩተር አላግባብ መጠቀም ሕጉ ጥፋተኛ ተብሎ 400 ፓውንድ መቀጫና 600 ፓውንድ የክስ ወጪ ከፈለ። የሰረቀው የለም፣ ያበላሸውም የለም። ፍርዱ ከሚገባው በላይ እንደከበደ አምናለሁ፤ ለእንዲህ ያለው ነገር ማስጠንቀቂያ በበቃ ነበር። ሆኖም ጥርጣሬውን ለማጣራት ለለጋሽ ድርጅቱ ስልክ መደወል ይበቃው ነበር።

“ሥርዓቱ ራሱ ፈቀደልኝ” የሚለውን ክርክር ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ በደንብ አይተነዋል። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ ገልጾ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ያለአግባብ መወሰዱን አስታወቀ፤ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ እስከመለጠፍም ደረሰ። እዚያ ላይ የጠለፋ መሣሪያ የተጠቀመ አልነበረም። ጥያቄው ግን ያው ነው። ማሽን እሺ ማለቱ ባለቤቱ እሺ ማለቱ አይደለም። በድረ ገጹ አድራሻ ላይ ያለውን ቁጥር ከ418 ወደ 419 ቀይሮ የሌላውን ሰው ማስረጃ ያየ ተማሪም “ተከፈተልኝ” ብሎ አይድንም።

ሕግና ሥነ ምግባር ሁልጊዜ አንድ መስመር ላይ እንደማይቆሙም ማስታወስ ይገባል። በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት አንድ የፖሊስ ሳጅን በሥራው የሚጠቀምበትን የመረጃ ቋት በገንዘብ ተገዝቶ የአንድ መኪና ታርጋ ለማጣራት ተጠቀመበት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021፣ በ6 ለ3 ድምፅ፣ መረጃውን ማየት የተፈቀደለት ሰው ለክፉ ዓላማ ስላየው ብቻ የ1986ቱን የኮምፒዩተር ማጭበርበር ሕግ አልጣሰም አለ። ድርጊቱ ትክክል ነበር ያለ ዳኛ ግን የለም። በባንክ ወይም በቴሌኮም ውስጥ የሚሠራና የጎረቤቱን ሒሳብ ወይም የጥሪ ዝርዝር የሚያይ ሰው በሕግ ቀዳዳ ቢያመልጥም ሰው በድሏል። በእኛ አገር ደግሞ አዋጁ ከተሰጠ ፈቃድ ውጪ መጠቀምን በስም ጠቅሶ ያስቀጣል።

ፈቃድ ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2016 ሁለት ሰዎች የታክሲ መተግበሪያው ድርጅት የኡበርን የ57 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ ወስደው ገንዘብ ሲጠይቁ ድርጅቱ ክፍተት ለሚያሳውቁ ሰዎች በሚከፍልበት የክፍተት ሽልማት ፕሮግራሙ በኩል 100,000 ዶላር ከፍሎ ነገሩን እንደ መደበኛ ጥናት አስመሰለው። ሰዎቹ በኋላ ጥፋታቸውን አመኑ፤ የኡበር የደህንነት ኃላፊ የነበረው ጆ ሰሊቫንም በጥቅምት 2022 በፌዴራል ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባለ። ከተገባ በኋላ የሚጻፍ ስምምነት ያለፈውን መግባት አያጸዳም።

የፈቃድ ወረቀቱ ላይ ምን ይኑር?

በአሜሪካ አዮዋ ግዛት የሆነውን ማንም ፈታሽ ሊያውቀው ይገባል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2019 የግዛቱ የፍትህ አካል ኮልፋየር የተባለውን ድርጅት ቀጥሮ የፍርድ ቤቶችን ደህንነት ያስፈትሻል፤ ሕንፃ ውስጥ መግባትንም ጨምሮ። ሁለት ሠራተኞች መስከረም 11 ሌሊት በዳላስ ካውንቲ (በግዛቱ ሥር ያለ የአካባቢ አስተዳደር) ፍርድ ቤት ገቡ፤ ደወል ጮኸ፤ ፖሊስ መጣ። የፈቃድ ደብዳቤያቸውን አሳዩ፤ የመጡት ፖሊሶች ስልክ ደውለው አጣሩ፤ ነገሩ ያለቀ መሰለ። ከዚያ የካውንቲው የፖሊስ ኃላፊ (ሸሪፍ) ደርሶ ሕንፃው የካውንቲው እንጂ የግዛቱ አይደለም፣ ግዛቱም ሊፈቅድ አይችልም ብሎ አሰራቸው። በሕንፃ ሰብሮ መግባት ተከሰሱ፤ ለእያንዳንዳቸው 50,000 ዶላር ዋስ ተጠየቀ። ክሱ የተነሳው በጥር 2020 መጨረሻ ነው። ደብዳቤ ነበራቸው፤ ፊርማው ግን በሕንፃው ባለቤት ዘንድ የሚከበር አልሆነም።

በኮምፒዩተር ዓለም ይህ ከሕንፃው የባሰ የተወሳሰበ ነው። አንድ የትምህርት ቤት ድረ ገጽ ከሌሎች በመቶ የሚቆጠሩ ደንበኞች ጋር በአንድ ሰርቨር ላይ ሊቀመጥ ይችላል፤ ርዕሰ መምህሩ ለራሱ ገጽ እንጂ ለሰርቨሩ መፍቀድ አይችልም። የክፍያው ክፍል የሌላ ድርጅት ነው፤ የኤስኤምኤሱ መላኪያ የሌላ። የአይቲ ክፍሉ ወዳጅ “ሞክረው እስቲ” ማለቱም ፈቃድ አይደለም፤ መሥሪያ ቤቱን በሕግ የሚወክል ሰው ፊርማ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ወረቀቱ የሚፈተሹትን አድራሻዎች አንድ በአንድ ይዘረዝራል፤ ሁለቱም ወገኖች ከመጀመሩ በፊት አብረው ያነቧቸዋል። እዚህ ላይ የሚደርሰው ስህተት የተለመደ ነው፤ ከኔትወርኩ አድራሻ ቀጥሎ ስፋቱን የሚያመለክተውን ቁጥር 24 ብሎ መጻፍ ሲገባው 16 የጻፈ ሰው 256 አድራሻ ሊፈትሽ ተነስቶ 65,536 ላይ ይለቀዋል፤ አብዛኞቹ የማያውቃቸው ሰዎች ናቸው። ቀንና ሰዓት ይቀመጣል፤ የደመወዝ መክፈያና የምዝገባ ቀናት ይቀራሉ። ፈታሹ የሚነሳበት አድራሻ አስቀድሞ ለባለቤቱ ይሰጣል፤ ያ ከሌለ የደህንነት ክፍሉ ፈታሹን ከእውነተኛ አጥቂ መለየት አይችልም። አገልግሎት ማቋረጥ፣ በሠራተኞች ላይ የማታለያ መልእክት መላክና የይለፍ ቃል መገመት በግልጽ ካልተፈቀዱ የተከለከሉ ናቸው ተብሎ ይጻፋል። ሌሊትም የሚነሱ ሁለት ስልኮች ከባለቤቱ ወገን ይመዘገባሉ። የግል መረጃ ቢገኝ ምን እንደሚደረግ፣ ሪፖርቱ እንዴት ተመስጥሮ እንደሚላክና የፈታሹ ቅጂ መቼ እንደሚጠፋም ይወሰናል። ከወሰኑ ውጪ የሚያጓጓ ነገር የታየው ፈታሽ ቆሞ ይደውላል፤ ተጨማሪው ፈቃድ በጽሑፍ እስኪመጣ አይነካውም።

በአዋጅ 958/2008 አንቀጽ 3 መሠረት ሆን ብሎ ያለ ፈቃድ ወይም ከፈቃድ ውጪ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባት እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እስራት ወይም ከ30,000 እስከ 50,000 ብር መቀጮ፣ ወይም ሁለቱንም ያስቀጣል። ሥርዓቱ ለሕጋዊ ሰውነት ላለው ድርጅት ብቻ የተመደበ ከሆነ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት፣ ቁልፍ መሠረተ ልማት ከሆነ ደግሞ ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ይደርሳል። ምንም ባይበላሽም ይቀጣል፤ ጉዳት ማድረስ በሌሎች አንቀጾች ለብቻው የሚታይ ነው።

ክፍተት ሳይፈለግ ሲገኝ

የራስን ውጤት ወይም ሒሳብ ሲያዩ የሌላ ሰው መረጃ ብቅ ሊል ይችላል። እዚያ ላይ መቆም ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ሰው መክፈት፣ “መጠኑን ለማወቅ” ብሎ ሁሉንም ማውረድ ግኝቱን ወደ ወንጀል የሚለውጠው እርምጃ ነው። ሰዓቱን፣ አድራሻውንና የተደረገውን በቅደም ተከተል መጻፍ፣ በስክሪን ፎቶው ላይ የሰውየውን ስምና ቁጥር መሸፈን፣ ሌላ ምንም አለማስቀረት ይበቃል። ከዚያ ለባለቤቱ ማሳወቅ ነው። አንዳንድ ድርጅቶች በድረ ገጻቸው ላይ ሴኪዩሪቲ ቲኤክስቲ የተባለ መደበኛ ፋይል አላቸው፤ ሪፖርት የሚላክበትን ኢሜይል ይናገራል። ከሌለ በኢትዮጵያ በኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ሥር ያለው ብሔራዊ የኮምፒዩተር አደጋ ምላሽ ቡድን ይገኛል። በመጀመሪያው መልእክት ላይ ስለ ገንዘብ ማንሳት አይገባም፤ “ካልከፈላችሁ አወጣዋለሁ” የሚመስል አንድ ዓረፍተ ነገር ቅን ሪፖርትን ማስፈራሪያ ያደርገዋል። ለማስተካከያ የሚሰጠው ጊዜ በዓለም አቀፍ ልማድ 90 ቀን ያህል ነው። በቴሌግራም ቻናል ላይ መለጠፍ የሚጎዳው ቸል ያለውን ሥራ አስኪያጅ ብቻ አይደለም፤ መረጃቸው የተጋለጠውን ሰዎች ነው።

ይህን ሁሉ አድርጎም መከሰስ አለ። በጀርመን አንድ ፕሮግራመር ለደንበኛው ችግር ሲያጣራ ወደ 700,000 የሚጠጉ ገዢዎችን መረጃ የሚከፍት የይለፍ ቃል በፕሮግራሙ ውስጥ በግልጽ ተጽፎ አገኘ። በ2021 ጉዳዩ ይፋ ሆኖ ክፍተቱ ተዘጋ፤ በጥር 2024 ግን ራሱ 3,000 ዩሮ ተቀጣ። በማልታም በ2022 የአንድ የተማሪዎች መተግበሪያን ክፍተት ለባለቤቱ በኢሜይል ያሳወቁ ተማሪዎች ታስረው ኮምፒዩተሮቻቸው ተወሰዱ። እነዚህ ጉዳዮች ያሳዝኑኛል፤ ነገ ያየውን የሚናገር ሰው ያሳጡናል።

መማር ለሚፈልግ ሰው የሌላን ሥርዓት የሚያስነካ ምክንያት የለም። 8 ጊጋ ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ሌሎች ምናባዊ ኮምፒዩተሮችን የሚያስኬደውን ቨርቹዋልቦክስ ጭኖ ለካሊ 2 ጊጋ፣ ሆን ተብሎ በክፍተት ለተሞላው ሜታስፕሎይታብል 2 ደግሞ 512 ሜጋ መስጠት ይበቃል። ኔትወርካቸው ከላፕቶፑ እንዳይወጣ ተደርጎ መስተካከል አለበት፤ አለዚያ በሩ የተከፈተው ማሽን በዋይፋዩ ላይ ላሉት ሁሉ ሊታይ ይችላል። ለድረ ገጽ ልምምድ ሆን ተብሎ ክፍተት የተተወባቸው ዲቪደብሊውኤና ጁስ ሾፕ አሉ። የኤንማፕ ባለቤቶችም ስካንሚ የተባለ ሰርቨር ለልምምድ ክፍት አድርገዋል፤ በቀን ጥቂት ጊዜ መፈተሽ ይፈቅዳሉ፣ መቶ ጊዜ መፈተሽን ወይም የይለፍ ቃል ግመታን ግን አይፈቅዱም። የክፍተት ሽልማት ፕሮግራሞችም ወሰናቸውን ጽፈው ያስቀምጣሉ፤ ከዝርዝሩ ውጪ ያለ አድራሻ የፕሮግራሙ ጥበቃ የለውም።

የቀረው የተቋማትና የሕግ አውጪው ሥራ ነው። ኔዘርላንድ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ክፍተት በአግባቡ ለሚያሳውቁ ሰዎች መመሪያ አላት። የአሜሪካ ፍትህ መሥሪያ ቤት በግንቦት 2022 በቅን ልቦና የሚደረግ ጥናት እንዳይከሰስ ለዓቃቤያነ ሕጉ መመሪያ አወጣ። ቤልጂየም በየካቲት 2023 ነገሩን በሕግ ቋጨችው፤ ፈታሹ ለመጉዳት ካላሰበ፣ ከሚያስፈልገው በላይ ካልሄደ፣ ወዲያው ለባለቤቱና ለብሔራዊ ማዕከሉ ካሳወቀ፣ ያለ ማዕከሉ ፈቃድም ይፋ ካላደረገ አይከሰስም። እነዚህ አራት ሁኔታዎች ግልጽ ናቸው፤ ዓቃቤ ሕግም ዳኛም ሊያጣራቸው ይችላል። አዋጅ 958 ሲሻሻል እነሱን የሚመስል አንቀጽ መግባት አለበት ብዬ አምናለሁ። እስከዚያው አንድ ባንክ ወይም ዩኒቨርሲቲ ሕግ ሳይጠብቅ፣ የትኞቹ አድራሻዎቹ እንዲፈተሹ እንደፈቀደ፣ ምን እንደከለከለ፣ ሪፖርት ወዴት እንደሚላክ፣ በስንት ቀን እንደሚመልስና ወሰኑን ባከበረ ሰው ላይ አቤቱታ እንደማያቀርብ በአንድ ገጽ ጽፎ በድረ ገጹ ላይ ማውጣት ይችላል። ከማውጣቱ በፊት ግን ኢሜይሉን በየቀኑ የሚያነብ ሰው ይመድብ።